ቪሞሽን በሁለት ኔትወርክ ካርድ፦ ከዝግጅት እስከ ፍተሻ

በቪኤምዌር ቪስፊር ላይ ለቪሞሽን (በሥራ ላይ ያለን ቨርቹዋል ማሽን ሳያቋርጡ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ለማዛወር) ተብሎ ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ የተጨመረለት፣ ፍጥነቱ ግን እንደነበረ የቀረ ሰርቨር ብዙ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ካርዱ ተሰክቷል፣ አይፒ አድራሻም ተሰጥቷል፣ ነገር ግን ትራፊኩን ከዚያ ካርድ ጋር ያሰረው የለም። ይህ ስሕተት ሳይታወቅ ለዓመታት የሚቆየው ደግሞ የማዛወሩን ሥራ ስለማያከሽፈው ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ በአንዱ ካርድ ብቻ አልፎ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይደርሳል፣ ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድረው ቪሴንተርም ሥራው በሰላም መጠናቀቁን ይመዘግባል፣ ሁለተኛው ካርድ ግን ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ በዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች መጨረሻ ማረጋገጫ ተቀምጧል። ማረጋገጫው ያልተሟላ ደረጃ አልተሠራም ብለው ይቁጠሩት፤ ወደሚቀጥለውም አይለፉ።

ሁለት ካርድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ቪሞሽን በሥራ ላይ ያለን ማሽን ሲያዛውር መጀመሪያ ሜሞሪውን በሙሉ ይገለብጣል። በግልበጣው ጊዜ የተለወጡትን የሜሞሪ ገጾች ደግሞ መልሶ ይልካል፤ ቀሪው እጅግ ጥቂት እስኪሆን ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። ማሽኑ ገጾቹን የሚለውጥበት ፍጥነት ኔትወርኩ ከሚልክበት ከበለጠ ግልበጣው ሊያልቅ አይችልም። በዚህ ጊዜ ቪስፊር፣ ከ5.0 ጀምሮ፣ የማሽኑን ፕሮሰሰር ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ትልልቅ የዳታቤዝ ማሽኖች በሚዛወሩበት ጊዜ ተጠቃሚዎች «ሲስተሙ ተንቀረፈፈ» ብለው የሚያማርሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

256 ጊጋባይት ሜሞሪ ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ ያዋለ ማሽን በ1 ጊጋቢት መስመር ለመጀመሪያው ግልበጣ ብቻ፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ ወደ 34 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በ10 ጊጋቢት ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ በሁለት የ10 ጊጋቢት መስመሮች ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በታች ይወርዳል። በተለመደው የካርዶች ጥምረት አንድ ግንኙነት በአንድ ካርድ ብቻ ስለሚሄድ ይህ ጥቅም አይገኝም። ቪሞሽን ግን አንዲትን ማሽን ብቻ ሲያዛውርም ትራፊኩን በተዘጋጁለት ካርዶች ሁሉ ያከፋፍላል። ማሽኖችዎ ሁሉ ትናንሽ ከሆኑና መስመርዎም 10 ጊጋቢት ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ላያስፈልግዎት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ዕቅዱን በወረቀት ይጨርሱ

አይፒ አድራሻን በሥራ መሀል መምረጥ የብዙ ብልሽት መነሻ ነው። ቪሴንተርን ከመክፈትዎ በፊት የሚከተሉትን ይወስኑ።

1. *ካርዶቹ።* ለቪሞሽን የሚውሉት ካርዶች ፍጥነታቸው እኩል ይሁን፤ 1 ጊጋቢትን ከ10 ጊጋቢት ጋር አያዳብሉ። በአንድ ሰርቨር ላይ ለቪሞሽን እስከ 4 የ10 ጊጋቢት ካርዶች ወይም እስከ 16 የ1 ጊጋቢት ካርዶች መጠቀም ይቻላል። በዚህ መመሪያ ምሳሌ በየሰርቨሩ ቪኤምኒክ2 እና ቪኤምኒክ3 (ቪስፊር ለፊዚካል ካርዶቹ የሚሰጣቸው ስሞች) ለቪሞሽን ተለይተዋል፤ ቪኤምኒክ0 እና ቪኤምኒክ1 ደግሞ ማኔጅመንቱን (ቪሴንተር ሰርቨሩን የሚያስተዳድርበትን ኔትወርክ) እና የቨርቹዋል ማሽኖቹን ትራፊክ ይዘዋል።

2. *ቪላኑ።* ለቪሞሽን ብቻ የሚሆን አንድ ቪላን፣ ማለትም በስዊቹ ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ፣ ይምረጡ፤ በምሳሌያችን ቪላን 50 ነው። የማሽኖቹ የሜሞሪ ይዘት፣ የይለፍ ቃል ጭምር፣ የሚያልፍበት መንገድ ስለሆነ የሠራተኞች ኮምፒውተሮች ወይም እንግዶች የሚገናኙበት ቪላን ሊሆን አይገባም።

3. *አድራሻዎቹ።* በየሰርቨሩ ሁለት የቪሞሽን አድራሻ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በአንድ ሰብኔት ውስጥ መሆን አለባቸው። ብዙዎች ከአይስካዚ ስቶሬጅ ልምዳቸው ተነሥተው ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱን ሰብኔት ይሰጣሉ፤ ለቪሞሽን ግን ይህ ትክክል አይደለም። የአንዱ ሰርቨር አንደኛ ካርድ ከሌላው ሰርቨር ሁለተኛ ካርድ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል ሁሉም ከሁሉም ጋር መድረስ አለበት። በሦስት ሰርቨሮች ምሳሌ፦
- ሰርቨር አንድ፦ 172.16.50.11 እና 172.16.50.111
- ሰርቨር ሁለት፦ 172.16.50.12 እና 172.16.50.112
- ሰርቨር ሦስት፦ 172.16.50.13 እና 172.16.50.113

የሰብኔቱ ማስክ 255.255.255.0 ነው። ይህ ሰብኔት ከማኔጅመንቱ ሰብኔት የተለየ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንድ ከሆኑ የቪሞሽን ትራፊክ በማኔጅመንቱ በኩል ሊወጣ ይችላል።

4. *ሁለቱ ስዊቾች።* ቪኤምኒክ2ን ወደ አንደኛው ፊዚካል ስዊች፣ ቪኤምኒክ3ን ወደ ሁለተኛው ማገናኘት የተለመደና የሚመከር ነው። ታዲያ ሁለቱን ስዊቾች እርስ በርስ የሚያገናኘው መስመር ቪላን 50ን የሚያሳልፍ መሆኑን ከኔትወርክ ባለሙያው ጋር ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ካላሳለፈ የሁለት ካርድ ቪሞሽን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይከሽፋል፤ እንዲህ ያለውን ብልሽት ዘግይቶ ማግኘት አድካሚ ነው።

5. *የቲሲፒ/አይፒ ስታክ።* ከቪስፊር 6.0 ጀምሮ ለቪሞሽን የተለየ ስታክ (የራሱ የኔትወርክ ቅንብር ስብስብ) አለ፤ ዋና ጥቅሙ የራሱ ጌትዌይ ሊኖረው መቻሉ ነው። ሁሉም ሰርቨሮች በአንድ ቪላን ውስጥ ካሉ ጌትዌይ ስለማያስፈልግ የተለመደው ዲፎልት ስታክ ይበቃል። የትኛውንም ቢመርጡ ለሁለቱም አዳፕተሮች፣ ማለትም አድራሻዎቹን ለሚይዙት የቪኤምከርነል ቨርቹዋል ካርዶች፣ አንድ ዓይነት ያድርጉት። አንደኛው በዲፎልት ስታክ ላይ እያለ ሁለተኛውን በቪሞሽን ስታክ ላይ ከፈጠሩ፣ በዲፎልቱ ላይ ያለው ከቪሞሽን አገልግሎት ውጭ ይሆናል፤ ማለትም ሁለተኛ ካርድ ጨመርኩ ባሉበት ቅጽበት የመጀመሪያውን አጥፍተዋል ማለት ነው። ስታኩን በኋላ መለወጥ አይቻልም፤ አዳፕተሩን ሰርዞ እንደገና መፍጠር ግድ ይላል።

ደረጃ 2፦ ክላስተሩን ለሥራው ያዘጋጁ

ሥራውን የዕለት ሒሳብ በሚዘጋበት ወይም ባክአፕ በሚሮጥበት ሰዓት አይጀምሩ። አዲስ ቪስዊች (በሰርቨሩ ውስጥ ያለ ቨርቹዋል ስዊች) መጨመር በሥራ ላይ ያሉትን ማሽኖች ባይነካም፣ በተሳሳተ ካርድ ላይ የሚደረግ አንድ ክሊክ ግን ማኔጅመንቱን ሊያቋርጥ ይችላል።

1. በክላስተሩ ላይ ዲአርኤስ (ጭነትን በሰርቨሮቹ መካከል የሚያመጣጥነው አገልግሎት) በራሱ ማሽኖችን እንዲያዛውር ተደርጎ ከሆነ ወደ «ማኑዋል» ይቀይሩት፤ ግማሽ በተዋቀረ ኔትወርክ ላይ ማዛወር እንዳይጀምር ነው። ዲአርኤስን ግን ፈጽሞ አያጥፉት። ሲጠፋ በክላስተሩ ውስጥ ያሉት ሪሶርስ ፑሎች (የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ድርሻ መደቦች) አብረው ይሰረዛሉ፤ መልሶ ማብራቱ ብቻ አይመልሳቸውም።
2. የየሰርቨሩን የኢኤስኤክስአይ (በሰርቨሩ ላይ የሚሠራው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ኮንፊገሬሽን ባክአፕ ይውሰዱ።
3. የሰርቨሩን ሩት የይለፍ ቃልና ወደ ኮንሶሉ መግቢያ መንገድ፣ አይሎ ወይም አይድራክ የሚባሉት የርቀት መቆጣጠሪያዎችም ሆኑ በቀጥታ የተሰካ ስክሪን፣ አሁኑኑ ሞክረው ይግቡበት። ማኔጅመንቱ ከተቋረጠ በኋላ የይለፍ ቃል መፈለግ አይጀመርም።
4. በቪሴንተር ላይ ሰርቨሩን መርጠው «ኮንፊገር» ከዚያም «ፊዚካል አዳፕተርስ» ውስጥ ይግቡ። ቪኤምኒክ2 እና ቪኤምኒክ3 መገናኘታቸውን፣ ፍጥነታቸውንና የማክ አድራሻቸውን ይመዝግቡ።

*ማረጋገጫ፦* የኔትወርክ ባለሙያው የቪኤምኒክ2ን ፖርት ከስዊቹ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያጥፋ። በቪሴንተር ላይ የተቋረጠ ሆኖ የሚታየው ቪኤምኒክ2 ራሱ ከሆነ ኬብሉ ትክክል ነው። ለቪኤምኒክ3ም ይድገሙት። የኬብል ምልክት ወረቀት ላይ ብቻ አይመኩ።

ደረጃ 3፦ ፊዚካል ስዊቹን ያስተካክሉ

ይህ ደረጃ የእርስዎ ሥራ ባይሆንም ውጤቱ የእርስዎ ነው። የኔትወርክ ባለሙያው በሁለቱም ስዊቾች ላይ የሚከተሉትን እንዲያደርግ ይጠይቁ፦

1. ፖርቶቹ በትራንክ ሁነታ (ብዙ ቪላኖችን በአንድ ፖርት በሚያሳልፈው) ሆነው ቪላን 50ን ያሳልፉ።
2. ስፓኒንግ ትሪ (በስዊቾች መካከል የትራፊክ መዞርን የሚከለክለው አሠራር) ፖርቶቹን ወዲያውኑ እንዲከፍት ይደረግ፤ በሲስኮ ስዊቾች ይህ ፖርትፋስት ትራንክ ይባላል።
3. ፖርቶቹ በኢተርቻናል ወይም በኤልኤሲፒ አይጣመሩ። እዚህ የምንሠራው እያንዳንዱን ካርድ ለየብቻው መጠቀም ነው። ቀድሞ የተጣመሩ ከሆነ ይፈቱ።
4. ትልልቅ ፍሬሞችን ለመጠቀም ከወሰኑ ኤምቲዩው (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን በባይት) መጀመሪያ የሚጨምረው እዚህ ነው። ብዙ የዳታ ሴንተር ስዊቾች እስከ 9216 ይቀበላሉ። ቅደም ተከተሉ ፊዚካል ስዊች፣ ቀጥሎ ቪስዊች፣ መጨረሻ የቪኤምከርነል አዳፕተር ነው፤ ለመቀነስ ሲፈልጉ ተገላቢጦሹን ይሂዱ።

ስለ ኤምቲዩ ያለኝን አስተያየት እዚሁ ልጨምር። 9000 ኤምቲዩ ጥቅም አለው፤ ይሁንና በመንገዱ ላይ ያለውን ስዊች ሁሉ የመቆጣጠር ሥልጣን ከሌለዎት በ1500 ሠርተው ይፈትሹ፣ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ወደ 9000 ይሂዱ። ሁለቱን ለውጦች በአንድ ቀን ካደረጉ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግርዎታል።

ደረጃ 4፦ ቪስዊቹንና የመጀመሪያውን አዳፕተር ይፍጠሩ

በመጀመሪያ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ይሥሩ።

1. ሰርቨሩን ይምረጡ፤ «ኮንፊገር»፣ «ኔትወርኪንግ»፣ «ቨርቹዋል ስዊችስ» ውስጥ ገብተው «አድ ኔትወርኪንግ» የሚለውን ይጫኑ።
2. «ቪኤምከርነል ኔትወርክ አዳፕተር» የሚለውን ይምረጡ።
3. አዲስ ስታንዳርድ ስዊች እንዲፈጠር ይምረጡ። ነባሩን ቪስዊች0 አይንኩ።
4. ቪኤምኒክ2ን እና ቪኤምኒክ3ን በአክቲቭ አዳፕተሮች ዝርዝር ውስጥ ይጨምሩ። እዚህ ሁለቱም አክቲቭ መሆናቸው አያሳስብዎት፤ ልዩነቱን የምናደርገው በፖርት ግሩፑ (በቪስዊቹ ውስጥ የራሱ ቅንብር ባለው የፖርቶች ቡድን) ላይ ነው።
5. ለፖርት ግሩፑ ቪሞሽን-01 የሚል ስም ይስጡ፤ የቪላን ቁጥሩን 50 ያድርጉ።
6. ስታኩን በዕቅድዎ መሠረት ይምረጡ፤ ዲፎልት ከሆነ ከአገልግሎቶቹ ዝርዝር «ቪሞሽን» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ሌሎቹን አገልግሎቶች፣ በተለይ ማኔጅመንትን፣ ምልክት አያድርጉባቸው።
7. አድራሻውን 172.16.50.11፣ ማስኩን 255.255.255.0 አድርገው ይጨርሱ።

*ማረጋገጫ፦* በ«ቪኤምከርነል አዳፕተርስ» ዝርዝር ውስጥ አዲስ አዳፕተር፣ ለምሳሌ ቪኤምኬ1፣ ሊታይ ይገባል። ቁጥሩ እንደ ሰርቨሩ ሊለያይ ስለሚችል ይመዝግቡት፤ በፍተሻው ጊዜ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 5፦ ሁለተኛውን አዳፕተር ይጨምሩ

«አድ ኔትወርኪንግ» የሚለውን እንደገና ይክፈቱ። በዚህ ጊዜ አዲስ ስዊች ሳይሆን አሁን የፈጠሩትን ስዊች ይምረጡ። ፖርት ግሩፑን ቪሞሽን-02 ይበሉት፤ ቪላኑ ያው 50፣ ስታኩ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት፣ አድራሻው ደግሞ 172.16.50.111 ይሁን። የቪሞሽን አገልግሎት ምልክትን እዚህም ማድረግ አይርሱ፤ ሁለተኛው አዳፕተር ላይ ይህን ምልክት መርሳት ከተለመዱት ግድፈቶች አንዱ ነው።

ደረጃ 6፦ እያንዳንዱን አዳፕተር ከየራሱ ካርድ ጋር ይሰሩ

የብዙዎች ሥራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለው ይሂዱ። እስካሁን ሁለት አዳፕተሮች አሉ፣ ሁለት ካርዶችም አሉ፣ ነገር ግን የትኛው በየትኛው እንደሚወጣ የወሰነ የለም። እንዲሁ ከተተወ ምርጫው ለስዊቹ ስለሚቀር ሁለቱም አዳፕተሮች በአንድ ካርድ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ።

1. በቪስዊቹ ሥዕል ላይ ቪሞሽን-01 ከሚለው ፖርት ግሩፕ አጠገብ ያለውን የማስተካከያ ምልክት ይጫኑ። የቪስዊቹን ሳይሆን የፖርት ግሩፑን መሆኑን ደግመው ይዩ። ለውጡን በቪስዊቹ ላይ ካደረጉት ለሁለቱም ፖርት ግሩፖች እኩል ስለሚሠራ ሁለቱንም በአንድ ካርድ ያሰረ ይሆናል።
2. «ቲሚንግ ኤንድ ፌይልኦቨር» ውስጥ ይግቡ።
3. ከፌይልኦቨር ቅደም ተከተሉ ጎን ያለውን «ኦቨርራይድ» ምልክት ያድርጉ። ያለዚህ ምልክት የታችኛው ዝርዝር አይንቀሳቀስም።
4. ቪኤምኒክ2ን በአክቲቭ ሥር ይተዉት፤ ቪኤምኒክ3ን ወደ «ስታንድባይ» ዝቅ ያድርጉት።
5. የሎድ ባላንሲንጉን ምርጫም «ኦቨርራይድ» አድርገው «ዩዝ ኤክስፕሊሲት ፌይልኦቨር ኦርደር» ላይ ያቁሙት። አይፒ ሃሽ የሚለው ከዚህ አሠራር ጋር አይሄድም።
6. ለቪሞሽን-02 ተገላቢጦሹን ያድርጉ፤ ቪኤምኒክ3 አክቲቭ፣ ቪኤምኒክ2 ስታንድባይ።

ሌላኛውን ካርድ ወደ «አንዩዝድ» የሚያወርዱ አሉ። ይህ የአይስካዚ ፖርት ባይንዲንግ ደንብ እንጂ የቪሞሽን አይደለም። በቪሞሽን ስታንድባይ ማድረግ ይሻላል፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ አዳፕተሩ ወደ ሌላው ተሻግሮ፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም፣ ሁለቱም አድራሻዎች መልስ መስጠታቸውን ይቀጥላሉ።

የካርድ መቋረጥን የማወቂያውን ምርጫ «ሊንክ ስታተስ ኦንሊ» ላይ ይተዉት። ቢከን ፕሮቢንግ የሚባለው ከሦስት ባነሱ ካርዶች ላይ የተበላሸውን ለይቶ ማወቅ አይችልም።

*ማረጋገጫ፦* በቪስዊቹ ሥዕል ላይ ቪሞሽን-01ን ሲጫኑ የሚቀባው መስመር ወደ ቪኤምኒክ2፣ ቪሞሽን-02ን ሲጫኑ ወደ ቪኤምኒክ3 መሄድ አለበት።

ደረጃ 7፦ በቀሪዎቹ ሰርቨሮች ላይ ይድገሙ

ደረጃ 4፣ 5 እና 6ን በሰርቨር ሁለትና ሦስት ላይ፣ በዕቅዱ ላይ ባሉት አድራሻዎች ይፈጽሙ። ሁለት ካርድ ያለው ሰርቨር አንድ ካርድ ብቻ ወዳለው ሲልክ ፍጥነቱ ከተቀባዩ አንድ ካርድ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ክላስተሩ ውስጥ አንድ ያልተስተካከለ ሰርቨር ከቀረ፣ ቪሞሽን «አንዳንድ ጊዜ ብቻ ፈጣን» የሚሆንበት ምክንያት እርሱ ነው።

ዲስትሪቢዩትድ ስዊች (ሰርቨሮቹ ሁሉ የሚጋሩት ቨርቹዋል ስዊች) የሚያስችል ላይሰንስ ካለዎት የፖርት ግሩፖቹን ቅደም ተከተል አንዴ ብቻ ያስተካክላሉ፤ በካርድ ስም ምትክ የሚሠራው በአፕሊንክ 1 እና በአፕሊንክ 2 ነው። ሰርቨሮቹን ሲያስገቡ ቪኤምኒክ2ን ሁልጊዜ ከአፕሊንክ 1፣ ቪኤምኒክ3ን ሁልጊዜ ከአፕሊንክ 2 ጋር ያገናኙ። የቪኤምከርነል አዳፕተሮቹ ግን በየሰርቨሩ መፈጠር አለባቸው።

ሁለቱ የ10 ጊጋቢት ካርዶች ለቪሞሽን ብቻ ያልተለዩ፣ ስቶሬጅና ማኔጅመንትም የሚጋሩዋቸው ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቪሞሽን ያገኘውን መስመር ሁሉ ይጠቀማል። በዲስትሪቢዩትድ ስዊች ላይ ኔትወርክ አይ/ኦ ኮንትሮልን አብርተው ለስቶሬጁ ከቪሞሽን የበለጠ ድርሻ ይስጡ። ይህ መቆጣጠሪያ ከሰርቨሩ የሚወጣውን ትራፊክ እንጂ የሚገባውን አይገድብም፤ ሁለት ሰርቨሮች ወደ ሦስተኛው በአንድ ጊዜ ቢልኩ የተቀባዩ መስመር አሁንም ሊጨናነቅ ይችላል።

ደረጃ 8፦ በፒንግ ይፈትሹ

ኤስኤስኤችን (ከርቀት ትዕዛዝ መስጫውን) በየሰርቨሩ ለጊዜው ይክፈቱና ቪኤምኬፒንግ በሚባለው ትዕዛዝ ይፈትሹ። ተራ ፒንግ በቂ አይደለም። ሁለቱ አዳፕተሮች በአንድ ሰብኔት ስላሉ፣ የሚወጣበት አዳፕተር ካልተነገረው ፒንጉ በአንደኛው ብቻ ሊወጣና ሁለተኛው ሳይፈተሽ ሊቀር ይችላል። የትልቁ አይ አማራጭ አዳፕተሩን፣ የትንሹ ዲ አማራጭ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ፣ የትንሹ ኤስ አማራጭ ደግሞ መጠኑን ይወስናሉ። አዳፕተሮቹን በቪሞሽን ስታክ ላይ የፈጠሩ ከሆነ በትልቁ ኤስ አማራጭ የስታኩን ስም መጨመር አለብዎት፤ አለዚያ ትዕዛዙ አዳፕተሩን አያገኘውም።

1. መጠኑን ለ1500 ኤምቲዩ 1472፣ ለ9000 ኤምቲዩ 8972 ያድርጉ። የሚጎድለው 28 ባይት የአይፒና የአይሲኤምፒ ራስጌ የሚይዘው ነው፤ 9000 ብለው ከጻፉ ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ሳለ ፒንጉ ይከሽፋል።
2. ከሰርቨር አንድ ቪኤምኬ1 ተነሥተው 172.16.50.12ን እና 172.16.50.112ን፣ ቀጥሎም 172.16.50.13ን እና 172.16.50.113ን ይፈትሹ።
3. ከቪኤምኬ2፣ ማለትም ከሁለተኛው አዳፕተር፣ ተነሥተው ያንኑ ይድገሙ።
4. በሌሎቹ ሁለት ሰርቨሮች ላይም እንዲሁ ያድርጉ። በሦስት ሰርቨር በጠቅላላው 24 ፒንግ ይሆናል። የሚበዛ ቢመስልም አንዱንም አይዝለሉ።

የፒንጉ ውጤት ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማል፦

- *አንደኛው ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ይደርሳሉ፤ አንደኛው ከሁለተኛው ግን አይደርስም።* በሁለቱ ስዊቾች መካከል ያለው መስመር ቪላን 50ን አያሳልፍም።
- *ትንሹ ፓኬት ያልፋል፣ ትልቁ አያልፍም።* በመንገዱ ላይ ኤምቲዩው ያልተስተካከለ ቦታ አለ። መጀመሪያ ቪስዊቹን፣ ቀጥሎ ፊዚካል ፖርቶቹን፣ በመጨረሻም ስዊቾቹን የሚያገናኘውን መስመር ይመልከቱ።
- *አንድ አድራሻ ከየትኛውም ወገን አይመልስም።* የዚያ ፖርት ግሩፕ የቪላን ቁጥር ወይም የዚያ ፊዚካል ፖርት ትራንክ ተሳስቷል።
- *አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ ይጠፋል።* ሌላ መሣሪያ ያንኑ አይፒ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፖርቶቹ በስዊቹ ላይ እንደተጣመሩ ቀርተዋል።

ደረጃ 9፦ ሁለቱም ካርዶች በእርግጥ መሥራታቸውን ይመልከቱ

ማዛወሩ ተሳክቷል የሚለው መልእክት ስለ ሁለተኛው ካርድ የሚነግርዎት ነገር የለም። ማየት የሚገባዎት ትራፊኩን ራሱን ነው።

1. ብዙ ሜሞሪ በእርግጥ የሚጠቀም የሙከራ ማሽን ይምረጡ። 64 ጊጋባይት ተመድቦለት ገና አሁን የተነሣ ማሽን አብዛኛውን ሜሞሪውን ስላልነካው ለማየት ጊዜ ሳይሰጥዎት ተዛውሮ ያልቃል።
2. በላኪው ሰርቨር ላይ ኢኤስኤክስቶፕ የሚለውን ትዕዛዝ አስነሥተው የትንሹን ኤን ቁልፍ ይጫኑ፤ የኔትወርኩ ገጽ ይከፈታል።
3. ቪኤምኬ1 እና ቪኤምኬ2 የሚሉትን መስመሮች ይፈልጉ። ጎናቸው ያለው ዐምድ የሚጠቀሙበትን ፊዚካል ካርድ ያሳያል፤ በአንደኛው ቪኤምኒክ2፣ በሌላው ቪኤምኒክ3 መጻፍ አለበት።
4. ማሽኑን ያዛውሩና በሰከንድ የሚላከውን ሜጋቢት የሚያሳየውን ዐምድ ይከታተሉ። በሁለቱም መስመሮች ላይ ተቀራራቢ ቁጥር ከወጣ ሥራው ተሳክቷል።

ማየት ካመለጠዎት የቪኤምከርነል ሎግን ይክፈቱ። በዚያ ማዛወር ጊዜ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለ የተጨመሩት የስትሪም ግንኙነቶችና በግልበጣው ወቅት የተገመተው የኔትወርክ ፍጥነት ተጽፈው ያገኛሉ።

5. አሁን የመቋረጥ ፈተና ያድርጉ። ሌላ ማዛወር ጀምረው የቪኤምኒክ3ን ፖርት ከስዊቹ ላይ ያስጠፉ፤ በኢኤስኤክስቶፕ ላይ ቪኤምኬ2 ወደ ቪኤምኒክ2 ሲሻገር ማየት አለብዎት። ፖርቱ ሲመለስ አዳፕተሩም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ፈተና በሙከራ ማሽን እንጂ በዋናው ዳታቤዝ አያድርጉ።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ኤስኤስኤችን ይዝጉ፤ ዲአርኤስን ወደ ነበረበት ይመልሱ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ማኔጅመንቱ ተቋርጦ ሰርቨሩ በቪሴንተር ላይ ግራጫ ከሆነ።* አይደናገጡ፤ ማሽኖቹ ባብዛኛው ሥራ ላይ ናቸው። ሰርቨሩን አያጥፉት። በኮንሶሉ በኩል ኤፍ2ን ተጭነው ይግቡ፤ መጀመሪያ የማኔጅመንት ኔትወርኩ የያዛቸውን ካርዶች አይተው የተወሰደውን ቪኤምኒክ ይመልሱ። ይህ ካልሠራ «ኔትወርክ ሪስቶር ኦፕሽንስ» የሚለው አለ፤ ነገር ግን የኔትወርክ ቅንብሮችን በሙሉ ወደ መነሻው የሚመልሰው ምርጫ የሠሩትን ሁሉ ስለሚያጠፋ የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት።

*ማዛወሩ ገና ከጅምሩ፣ ብዙ ጊዜ 14 በመቶ አካባቢ ቆሞ ከከሸፈ።* ሁለቱ ሰርቨሮች በቪሞሽን አድራሻቸው አልተገናኙም። ወደ ደረጃ 8 ተመልሰው በሁለቱ መካከል ያሉትን ፒንጎች ይድገሙ። በመካከል ፋየርዎል ካለ ቲሲፒ 8000 መከፈቱን ይመልከቱ።

*ሁለቱም መስመሮች ይሠራሉ፣ ፍጥነቱ ግን ከአንድ ካርድ አይበልጥም።* በኢኤስኤክስቶፕ ላይ የፊዚካል ካርዱን ዐምድ ያንብቡ። ሁለቱም አዳፕተሮች ቪኤምኒክ2 ላይ ከሆኑ ችግሩ ደረጃ 6 ላይ ነው። ካርዶቹ ትክክል ከሆኑ ተቀባዩን ሰርቨር በተመሳሳይ መንገድ ይፈትሹ።

*25፣ 40 ወይም 100 ጊጋቢት ካርድ ላይ ግማሹ እንኳ አይሞላም።* ከቪስፊር 7.0 አፕዴት 2 በፊት አንድ አዳፕተር የዚህን ያህል ፈጣን ካርድ ለመሙላት የሚያስችል የስትሪም ብዛት በራሱ አይከፍትም ነበር፤ በእጅ የሚስተካከሉ ጥልቅ ቅንብሮች ያስፈልጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቨርዥኖች ይህ በራሱ ይስተካከላል፤ ስለዚህ ቅንብሮቹን ከመነካካት ቨርዥኑን ማሻሻል ይቀድማል።

*በአንድ ጊዜ የሚዛወሩት ማሽኖች ብዛት አልጨመረም።* ይህ ብልሽት አይደለም። በአንድ ሰርቨር ላይ በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ ማዛወሮች በ1 ጊጋቢት 4፣ በ10 ጊጋቢት 8 ናቸው፤ የሁለተኛው ካርድ መጨመር እያንዳንዱን ማዛወር ያፋጥናል እንጂ ወሰኑን አያሰፋውም።

*አዲስ ሰርቨር ወደ ክላስተሩ ሲገባ።* ከሜይንቴናንስ ሞድ ከማውጣትዎ በፊት ከደረጃ 2 እስከ 8 ያለውን በእርሱ ላይ ይፈጽሙ። ፒንጉንም ከአዲሱ ወደ ነባሮቹ ብቻ ሳይሆን ከነባሮቹም ወደ አዲሱ ያድርጉ። ደረጃ 9ን ደግሞ እንደወጣ፣ ዲአርኤስ ሌሎች ማሽኖችን ሳይልክበት በፊት፣ በሙከራ ማሽኑ ይሥሩ።